አስተያየትና ተጠያቂነቱ

አስተያየት በዕውቀትና በፍላጎት መካከል የሚገኝ አቋም ነው። ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን “በእኔ አስተያየት” ብሎ የሚናገር የለም፤ ከሻይ ቡና ይጥመኛል ያለውንም ሰው ማስረጃ አምጣ ብሎ የሚሞግተው አይገኝም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ አጥነትን ያባብሳል፣ መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያን ሊቆጣጠር ይገባል፣ አዲሱ ፋብሪካ ለአካባቢው ወጣት ይበጃል የሚል ሰው ግን ከሁለቱም የተለየ ነገር ይናገራል። ንግግሩ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ስለሚችል፣ እንደ ምግብ ምርጫ “የራሱ ጉዳይ ነው” ተብሎ አይታለፍም። ገና ያልተረጋገጠ በመሆኑ ደግሞ እንደ ሒሳብ መልስ ክርክሩን አይዘጋም። በየዕለቱ ዜና ላይ ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ሥራና ስለ ፖለቲካ የሚሰነዘረው ሐሳብ አብዛኛው የሚያርፈው በዚህ መካከለኛ ስፍራ ነው። ስለዚህ ስፍራ ፍልስፍና የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ሰው አንድን አስተያየት ለመያዝ የሚበቃው መቼ ነው? የያዘውስ ሰው የሚጠየቀው ስለ ምኑ ነው?

በዕውቀትና በድንቁርና መካከል

ፕላቶ “ሜኖን” በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ስለ አንድ መንገድ ያናግረዋል። ወደ ላሪሳ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ሄዶበት የሚያውቅ ሰውና ሳይሄድበት በትክክል የገመተ ሰው ሌሎችን ቢመሩ፣ ሁለቱም ተከታዮቻቸውን እኩል ያደርሳሉ። ታዲያ ዕውቀት ከትክክለኛ አስተያየት የሚበልጠው በምንድን ነው? የሶቅራጥስ መልስ፣ አስተያየት በምክንያት ካልታሰረ አይጸናም የሚል ነው። ባለቤቱ ጥቂት ሲፈተን ይተወዋል፤ ወይም የተሻለ ተናጋሪ ሲመጣ ይነጠቀዋል። ፕላቶ “ሪፐብሊክ” በተሰኘው ሥራው ደግሞ አስተያየትን በዕውቀትና በድንቁርና መካከል አስቀምጦ፣ አገርን መምራት የሚገባው ለሚያውቁ ብቻ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ።

ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስ በዚህ አልተስማማም። ሰዎች የሚመካከሩት በእጃቸው ስላለና እንዲህም እንዲያም ሊሆን ስለሚችል ነገር ነው፤ ስለ ከዋክብት ዑደት ሸንጎ የሚቀመጥ የለም። ግብር፣ ጦርነት፣ ሕግና ንግድ ከሚመከርባቸው ነገሮች ወገን ናቸው። በእነዚህ ጉዳዮች ውሳኔ የሚሰጠው ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ስለሆነ፣ የተሟላ ዕውቀት እስኪገኝ ልጠብቅ ያለ ሰው ሳይወስን ጊዜው ያልፍበታል። በአርስጣጣሊስ ዘንድ አስተያየት የዕውቀት ደካማ ምትክ ከመሆን አልፎ ለጋራ ኑሮ የተገባ መሣሪያ ነው። ሁሉም፣ ብዙኃኑ ወይም ጠቢባን የሚቀበሉት ሐሳብ የምርመራ መነሻ እንዲሆን የፈለገውም ስለዚህ ነው።

ከሁለቱ አሳቢዎች የሚወረሰው ሚዛን ይህ ነው፦ ሰው ያለ አስተያየት በጋራ መኖር አይችልም፤ ምክንያት የሌለው አስተያየት ግን አይጸናም።

ያለ በቂ ማስረጃ ማመን

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊልያም ክሊፈርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው የእምነትን ሥነ ምግባር የሚመረምር ድርሰት ጥያቄውን በአንድ የመርከብ ባለቤት ታሪክ አቀረበው። መርከቡ አርጅቷል፤ ስደተኞችን አሳፍሮ ሊነሣ ነው። ባለቤቱ ይጠራጠራል፤ ማስመርመርና ማስጠገን ግን ወጪ አለው። ስለዚህ መርከቡ ስንት ማዕበል አልፎ እንደ ተመለሰ እያሰበ፣ በፈጣሪ ጥበቃም እየተማመነ ጥርጣሬውን ያባርራል። መርከቡ መካከለ ባሕር ላይ ሲሰጥም የመድን ገንዘቡን ይቀበላል። ክሊፈርድ እንደሚለው ሰውዬው ከልቡ ያመነ ቢሆን እንኳ በደለኛ ነው፤ በነበረው ማስረጃ እንዲያ የማመን መብት አልነበረውም። መርከቡ በሰላም ቢደርስም ጥፋቱ ሳይታወቅበት ይቀራል እንጂ አይሰረዝለትም።

የታሪኩ ክብደት ያለው እምነት የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም በሚለው ላይ ነው። አንድ ሰው ያመነው ነገር ንግግሩንና ድርጊቱን ይመራል፤ ንግግሩም ለሌላው ሰው እምነት ግብዓት ይሆናል። ሳይመረምር የማመን ልማድ ያደረበት ኅብረተሰብ ማንም ሊነዳው የሚችል ኅብረተሰብ ነው።

አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1896 ባቀረበው ንግግር መልስ ሰጠ። አንዳንድ ምርጫ ማስረጃ እስኪሟላ አይቆይም፤ አለመምረጥም ራሱ ምርጫ ይሆናል። ጉዳዩ ለሰውየው ሕያው፣ የማያመልጡትና ክብደት ያለው ሲሆን፣ ማስረጃውም በባሕርዩ ሊፈታው ካልቻለ፣ ልብ ወደሚያደላበት ማመን ስሕተት አይሆንም። ጄምስ በዋናነት ያሰበው ስለ ሃይማኖት ነበር፤ ሆኖም ሐሳቡ ለፖለቲካም ይሠራል። ሕግ የሚያወጣ ምክር ቤት፣ ልጁን ምን ላስተምር የሚል ወላጅ፣ አዲስ ማሽን ልግዛ አልግዛ የሚል ነጋዴ፣ የመጪውን ዘመን ማስረጃ በእጁ ይዞ አይወስንም።

የጄምስ ፈቃድ ግን ጠባብ ነው። መዝገብ በመመልከት፣ አዋጁን በማንበብ ወይም ባለሙያ በመጠየቅ ሊታወቅ የሚችለውን ነገር በስሜት መወሰንን አይጨምርም። በዜና ላይ ከሚነሡት ጉዳዮች ብዙዎቹ ቢያንስ በከፊል ሊጣሩ የሚችሉ ስለሆኑ በእነርሱ ላይ የክሊፈርድ ጥብቅነት ይጸናል። የትኛው ክፍል ይጣራል፣ የትኛውስ ለፍርድ ይተዋል የሚለውን ለመለየት አስተያየቱን መበተን ያስፈልጋል።

በአንድ ንግግር ውስጥ ያሉ ሦስት ነገሮች

“ማሽን ሠራተኛውን ሲያፈናቅል ኖሯል፤ አሁንም ያፈናቅላል፤ ስለዚህ ሊገታ ይገባል” የሚለው ንግግር እንደ አንድ አቋም ይሰማል። ውስጡ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ስለ ተደረገው ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለሚመጣው ይተነብያል፤ ሦስተኛው ስለ መልካሙና ስለሚገባው ይፈርዳል። ስለ ተደረገው የተባለው በማስረጃ፣ ስለሚመጣው የተባለው በግምት ጥራት፣ ስለሚገባው የተባለው በክርክርና በኅሊና ይመዘናል። በዜና ዙሪያ ከሚነሣው ጭቅጭቅ ብዙው መቋጫ የሚያጣው አንደኛው ተከራካሪ ስለ አንዱ ክፍል ሲናገር ሌላኛው ስለ ሌላው እየመለሰለት ስለሆነ ነው።

ስለ ተደረገው

ለዳይት የሚለው ስም ዛሬ ቴክኖሎጂን ለሚጠላ ኋላ ቀር ሰው የሚሰጥ ስድብ ሆኗል። የስሙ ባለቤቶች ከ1811 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም አካባቢ የሹራብና የካልሲ መሥሪያ ማሽኖችን የሰበሩ የእጅ ሙያተኞች ናቸው። እንቅስቃሴው ወደ ዮርክሻየርና ወደ ላንካሻየር ተዛመተ። ይሁን እንጂ የኖቲንግሃም ሠራተኞች ማሽን አዲስ አልሆነባቸውም፤ የካልሲ መሥሪያው ከ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የነበረ፣ ራሳቸውም የሚተዳደሩበት መሣሪያ ነው። ቅሬታቸው አሠሪዎች ጥራቱ የወረደ ርካሽ ምርት በማውጣታቸው፣ ሙያውን በወጉ ያልተማረ ሰው በመቅጠራቸውና ደመወዝ በመቀነሳቸው ላይ ነበር። ብዙ ጊዜም ሰባሪዎቹ የሚሰብሩትን ይመርጡ ነበር። ፓርላማው በ1812 ማሽን መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ፤ ገጣሚው ሎርድ ባይረን በመኳንንቱ ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ይህን ረቂቅ ለመቃወም ነው። በጥር 1813 በዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ።

እንግዲህ “ለዳይቶች ማሽንን ስለሚጠሉ ሰበሩ” የሚል አስተያየት የሚወድቀው በእሴት ላይ በሚደረግ ክርክር አይደለም፤ በተደረገው ነገር ላይ ስለ ሳተ ነው። ስለ ዕድገትና ስለ ነፃነት የሚነገር ማንኛውም ውብ ሐሳብ ይህን ስሕተት አያቃናውም።

የፖለቲካ አሳቢዋ ሐና አረንት በ1967 ስለ እውነትና ፖለቲካ በጻፈችው ድርሰት ይህን ልዩነት አጥብቃ ይዛለች። የተፈጸመ ነገር እውነትነት በድምፅ ብልጫ አይወሰንም፤ ሰው ቢስማማም ባይስማማም ያው ነው። አስተያየት የሚያድገው ግን በዚህ መሬት ላይ ነው። አረንት ይበልጥ የሠጋችው በግልጽ ከሚነገር ውሸት ይልቅ፣ የተረጋገጠ ድርጊት “ይህማ የአንተ አስተያየት ነው” እየተባለ ከአስተያየት ተራ ሲቆጠር ነው። የተደረገው ነገር ሁሉ አስተያየት ከተባለ፣ በአስተያየት መለያየትም ትርጉም ያጣል፤ ሁለት ሰዎች ሊለያዩ የሚችሉት ስለ አንድ ዓለም ሲነጋገሩ ነውና።

ስለሚመጣው

ትንበያ ገና ያልሆነውን ስለሚናገር በዕለቱ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ሊባል አይችልም። ያም ሆኖ ሊመዘን ይችላል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ በ1930 ባወጣው ጽሑፍ፣ በመቶ ዓመት ውስጥ የበለጸጉት አገሮች የኑሮ ደረጃ ከ4 እስከ 8 እጥፍ እንደሚያድግ፣ ሰውም በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ መሥራት እንደሚበቃው ገምቶ ነበር። የኑሮው ዕድገት ከግምቱ እምብዛም አልራቀም፤ የሥራ ሰዓቱ ግን ያን ያህል አልወረደም። ኬይንስ የምርትን አቅም በትክክል ሲገምት፣ ሰው ያገኘውን ብልጽግና ለዕረፍት ያውለዋል ብሎ ያሰበው ሳይሆን ቀረ። ቴክኖሎጂ ምን ያስችላል የሚለውና ሰዎች በተቻለው ነገር ምን ያደርጉበታል የሚለው የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

በ2013 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎቹ ካርል ፍሬይና ማይክል ኦዝቦርን 702 የሥራ ዓይነቶችን መርምረው፣ በአሜሪካ ካለው ሥራ 47 በመቶው በኮምፒውተር የመተካት ከፍተኛ ዕድል አለው አሉ። በ2016 የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ያሳተመው ጥናት ደግሞ በ21 አባል አገሮች አማካዩን 9 በመቶ አድርጎ አቀረበ። የልዩነቱ ዋና ምንጭ የአመዳደብ ስልት ነበር። የመጀመሪያው ሙያን በጅምላ ሲወስድ፣ ሁለተኛው በአንድ ሙያ ውስጥ ያሉትን ተግባራት ነጣጥሎ ተመለከተ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ስሌት ብቻ ሳይሆን ደንበኛ ማነጋገርም ሥራው ነው። ሁለቱም ጥናቶች የለኩት በቴክኒክ ረገድ ሊሆን የሚችለውን ነው፤ በዜና ርዕስ ላይ ግን “ሊሆን ይችላል” የሚለው “ይሆናል” ሆኖ ይወጣል። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በጥር 2024 በዓለም ካለው ሥራ 40 በመቶ ያህሉ፣ በበለጸጉት አገሮች 60 በመቶው፣ ኢትዮጵያን በመሰሉ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 26 በመቶው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጋለጠ ነው ሲል እንዲሁ “የተጋለጠ” ማለት “የሚጠፋ” ማለት አልነበረም። መጋለጥ ሥራን ማጣት ወይም ሥራን ማቅለል ሊያመጣ ይችላል።

የፖለቲካ ትንበያም ከዚህ አይሻልም። ፊሊፕ ቴትሎክ የ284 ባለሙያዎችን ትንበያ ለሁለት አሥርታት ያህል መዝግቦ በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአማካይ ሲታዩ ከዕድል ብዙም እንዳልራቁ አሳይቷል። ሁሉን ነገር በአንድ ትልቅ ሐሳብ የሚፈቱት ይበልጥ ሲሳሳቱ፣ ከብዙ ምንጭ እየቃረሙ በጥንቃቄ የሚናገሩት ተሻሉ፤ በመገናኛ ብዙኃን በብዛት የሚጠሩትም የተሻሉት አልነበሩም። ስለዚህ ከትንበያ ተናጋሪ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው፦ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚሆንና ምን ቢታይ ስሕተቱን እንደሚቀበል መናገር። ቀንና መጠን የሌለው ትንበያ ሊሳሳት አይችልም፤ ስለዚህም ምንም አይነግርም።

ስለ መልካሙና ስለሚገባው

የተደረገው ቢጣራና የሚመጣው በጥንቃቄ ቢገመት እንኳ፣ “ታዲያ ምን ይሁን?” የሚለው ጥያቄ አይመለስም። ሥራ ለሰው ምኑ ነው? አርስጣጣሊስ “ፖለቲካ” በተባለው መጽሐፉ፣ መወርወሪያ በራሱ ቢሸምን ጌቶች ባሪያ ባላስፈለጋቸው ነበር ሲል ሥራን እንደ ሸክም፣ ማሽንንም ሸክሙን እንደሚያራግፍ ተስፋ ማየቱ ነው። አዳም ስሚዝ በ1776 የሥራ ክፍፍልን ጥቅም ካስረዳ በኋላ፣ ዕድሜውን ሁሉ ሁለት ሦስት ቀላል ተግባር ሲደጋግም የሚኖር ሰው አእምሮው እንደሚደነዝዝ አስጠነቀቀ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1891 “ሬሩም ኖቫሩም” በተባለው መልእክት የሠራተኛው ጉልበት እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በገበያ ዋጋ ብቻ ሊተመን እንደማይገባ፣ ደመወዝም ቢያንስ ለመኖር ሊበቃው እንደሚገባ አስተማረች። እነዚህ አቋሞች የሚለያዩት በመረጃ ብዛት አይደለም፤ ለሰው ልጅ ክብር፣ ዕረፍትና ምርት በሚሰጡት ቦታ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ እሴት አይመዘንም ማለት ግን አይቻልም። የኢትዮጵያ ታሪክ ጥሩ ማሳያ አለው። ብረት የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋውና ሸማ የሚሠራው ለዘመናት ሲናቁ ኖረዋል፤ አፄ ምኒልክ በዘመናቸው መጨረሻ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ንቀቱ ሲታይ የእሴት ፍርድ ይመስላል፤ መሬት ማረስና መዝመት ክቡር፣ የእጅ ሥራ ውርደት ነው የሚል። ነገር ግን ፍርዱ የቆመበት አንድ ምሰሶ ስለ ተጨባጩ ዓለም የተነገረ አባባል ነበር፤ ባለ እጅ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል የሚል። ይህ አባባል ሐሰት ነው፤ ሲወድቅም ንቀቱ አንዱን መደገፊያ ያጣል። ሊለወጥ የማይችል እሴት ተብሎ የሚቀርብ አቋም ሲመረመር ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሊጣራ የሚችል የተሳሳተ መረጃ ይገኛል።

የቀረው የእሴት ክፍል የሚመዘነው በሌላ መንገድ ነው። ካንት በ1790 ባወጣው የፍርድ ኃይልን በሚመረምር መጽሐፉ፣ በሌላው ሰው ቦታ ሆኖ ማሰብን ከማመዛዘን ሕጎች አንዱ አድርጎታል። ስለ አንድ ፋብሪካ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ባለሀብቱ፣ በማሽኑ አጠገብ የምትቆመው ሴት፣ መሬቱን የለቀቀው ገበሬና ልብሱን የሚገዛው ሸማች ጉዳዩን እንዴት እንደሚያዩት ባሰበ ቁጥር ፍርዱ ይሰፋል። ይህ ማለት የሁሉንም ስሜት መቀበል ወይም መሐል ላይ መቆም አይደለም። አቋሙ የሚጎዳው ሰው ፊት ለፊት ቢቀመጥ ሊነገረው የሚችል ምክንያት ማግኘት ማለት ነው።

ከሌላው የሚወሰድ ዕውቀት

ማንም ሰው በዜና የሚሰማውን ሁሉ ራሱ ሄዶ አያጣራም። ጋዜጠኛው ዋልተር ሊፕማን በ1922 “የሕዝብ አስተያየት” በተባለው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ሰው ምላሽ የሚሰጠው በአእምሮው ለተሣለው የዓለም ሥዕል እንጂ ለዓለሙ ለራሱ አይደለም፤ ሥዕሉንም የሚሥሉለት ሌሎች ናቸው። ከዚህም የሕዝብ ጉዳይ ለባለሙያ ይሰጥ ወደሚል አዘነበለ። ፈላስፋው ጆን ዱዊ በ1927 መልስ ሲሰጥ፣ ችግሩ የት ጋ እንደሚያም የሚያውቀው የሚኖርበት ሰው ነው፣ ባለሙያ መፍትሔውን ሊያውቅ ቢችልም ሕዝቡን ካልሰማ ምኑን እንደሚፈታ አያውቅም አለ። ሁለቱ ሐሳቦች ከሦስቱ ክፍሎች ጋር ሲገጣጠሙ ጠቡ ይለዝባል። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ባለሙያው የተሻለ ያውቃል፤ በማሽኑ ምክንያት ኑሮ ምን እንደ መሰለ ሠራተኛው ምስክር ነው፤ ምን ይገባል በሚለው ላይ ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ዳኛ አይሆንም።

የሰው አንዱ ድክመት የማያውቀውን ነገር የሚያውቅ መስሎ ለራሱ መታየቱ ነው። ሊዮኒድ ሮዘንብሊትና ፍራንክ ካይል በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች እንደ ዚፕ ያሉ የዘወትር ዕቃዎችን አሠራር ምን ያህል እንደሚያውቁ ሲጠየቁ ለራሳቸው ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ፤ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ እንዲያስረዱ ሲጠየቁ ግን ነጥባቸውን ራሳቸው ዝቅ አደረጉ። ዚፕ ላይ እንዲህ ከሆነ ስለ ውጭ ምንዛሪ ገበያ ወይም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያዝ አቋም ምን ያህል በስሚ ስሚ እንደሚቆም መገመት አይከብድም።

በግእዝ የተጻፈው “ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ” ይህን ጉዳይ ከሃይማኖት አንጻር ያነሣዋል። የእያንዳንዱ ሃይማኖት ሰው የራሱን እውነት፣ የሌላውን ሐሰት ይላል፤ ታዲያ ዳኛው ማን ነው? ብሎ ይጠይቃል። መመርመር አድካሚ ስለሆነ ሰው ከአባቶቹ የሰማውን ለማመን እንደሚቸኩል ይናገርና፣ ፈጣሪ በሰጠው ልቡና መመርመር የእያንዳንዱ ሰው ግዴታ መሆኑን ያስረዳል። መጽሐፉን የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሊቅ ጻፈው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ አዘጋጀው የሚለው ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ሁለተኛውን ሲደግፍ፣ ክላውድ ሰምነር የመጀመሪያውን ተከላክሏል። መጽሐፉ የሚጠይቀው ምርመራ ለመጽሐፉም አልቀረለትም።

አስተያየት የሚተላለፍበት መሣሪያ

ስለ ቴክኖሎጂ የሚሰጥ አስተያየት ዛሬ የሚሰራጨው በራሱ በቴክኖሎጂው በኩል ነው። በ2018 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምሮ፣ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ይልቅ ለሌላ ሰው የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ እንደሚበልጥ አገኘ። ዋናዎቹ አሰራጮችም ሰዎች እንጂ አውቶማቲክ አካውንቶች አልነበሩም። አዲስና አስገራሚ የሆነ ነገር ለማውራት ይጣፍጣል፤ ሐሰት ደግሞ ከእውነት ይልቅ እንደ ልብ አዲስ መሆን ይችላል።

ሰው ብቻውን ግን ተጠያቂ አይደለም። ለተጠቃሚው የትኛው ጽሑፍ ቀድሞ እንደሚቀርብ የሚወስነው አልጎሪዝም ነው፤ አልጎሪዝሙ የሚመዝነው ጽሑፉ ምን ያህል ምላሽ እንደሚቀሰቅስ ነው፤ ቁጣም ምላሽ ነው። በታኅሣሥ 2022 በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ የቀረበው ክስ በዚህ ላይ ያጠነጥናል፤ ከሳሾቹ በኢትዮጵያ ጦርነት ጊዜ አልጎሪዝሙ ጥላቻና ለጥቃት ማነሣሣት ያለባቸውን ጽሑፎች አጉልቷል ሲሉ፣ ኩባንያው ጉዳዩን የኬንያ ፍርድ ቤት ሊያየው አይችልም ብሎ ተከራክሯል። ፍልስፍናዊው ጥያቄ ከክሱ ውጤት ይሰፋል። ክሊፈርድ የመርከቡን ባለቤት የጠየቀው ስለ አንድ ሰው እምነት ነበር። የሚሊዮኖችን እምነት የሚደረድር መሣሪያ የሠራ ድርጅት “እኔ አልተናገርሁም፤ ያቀረብሁት ብቻ ነው” ቢል፣ መርከቡን ሳያስመረምር ያሰማራው ሰው “እኔ አልቀዘፍሁም” እንደ ማለት ይሆናል።

ነፃነትና ወሰኑ

ተጠያቂነት ሲባል መንግሥት የሰውን ሐሳብ ይቅጣ ማለት እንዳይመስል፣ ሕግ ሁለት ነገሮችን ይለያል። በ1948 የጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 19፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት የመያዝ መብት እንዳለው ይደነግጋሉ። መያዙ ወሰን የለውም፤ መግለጹ ግን በሕግ ሊወሰን ይችላል።

ለዚህ ነፃነት ጠንካራውን መከራከሪያ በ1859 ያቀረበው ጆን ስቱዋርት ሚል ነው። የታፈነው አስተያየት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰት ቢሆንም የእውነት ቅንጣት ሊኖረው ይችላል፤ ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን እንኳ እርሱን ለመመከት የማይገደድ እውነት ውሎ አድሮ ትርጉሙ የተረሳ ልማድ ይሆናል። ሚል ወሰኑንም አሳይቷል። እህል ነጋዴዎች ድኻውን ያስርባሉ የሚል ሐሳብ በጋዜጣ ቢታተም ሊነካ አይገባም፤ በነጋዴው ደጃፍ ለተሰበሰበ ቁጡ ሕዝብ ቢነገር ግን ሊያስቀጣ ይችላል። ቃሉ ያው ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ከአስተያየትነት ወደ ድርጊት ተሻግሯል።

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል በኢትዮጵያ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሐሰተኛ መረጃን ሲተረጉም፣ ሐሰትነቱን የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን ሊያውቅ ይገባው የነበረውንም ሰው ይጨምራል። ይህ የክሊፈርድ ሐሳብ በሕግ መልክ ሲገለጥ ነው፤ አለማጣራትም ጥፋት ሊሆን ይችላል። የዐዋጁ ተቺዎች ግን ትርጉሞቹ ሰፊ ስለሆኑ ቅን ተናጋሪንም ሊያስፈሩ ይችላሉ ይላሉ። ክርክሩ ሥነ ምግባርና የወንጀል ሕግ እኩል ስፋት እንደሌላቸው ያሳያል። ሰው ሳያጣራ በመናገሩ ሊወቀስ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሊታሰር የሚገባበት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ወቀሳውን የሚችል ኅብረተሰብ ለእስሩ ያለው ፍላጎት ይቀንሳል።

አቋምን መለወጥ

አስተያየት በምክንያት የታሰረ መሆኑ የሚታወቀው ምክንያቱ ሲለወጥ አብሮ መለወጡ ነው። ዴቪድ ሪካርዶ ማሽን ለሁሉም የኅብረተሰብ ክፍል ይጠቅማል ብሎ ያምን ነበር፤ በዘመኑ የታወቀ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በመሆኑም ቃሉ ይሰማ ነበር። በ1821 ዋና መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያሳትም ግን ስለ ማሽን አዲስ ምዕራፍ ጨመረ፤ ቀድሞ ያሰበው ስሕተት እንደ ነበር ገልጾ፣ የሰውን ጉልበት በማሽን መተካት ብዙ ጊዜ ሠራተኛውን ሊጎዳ እንደሚችል አስረዳ። ይህንም ያደረገ ማሽን እንዲታገድ ሳይጠይቅ ነው። ስለ ውጤቱ የነበረው ግምት ተለወጠ፤ ማሽኑ ይቅር ወይስ ይምጣ በሚለው ላይ የነበረው ፍርድ ግን አልተለወጠም፤ መንግሥት ማሽንን ቢያግድ ካፒታል ወደ ሌላ አገር ይሸሻል የሚል ሌላ ምክንያት ነበረውና።

አስተያየቱን ሳይበትን በጅምላ የያዘ ሰው እንዲህ ሊያደርግ አይችልም። አንዱ ክፍል ሲነካበት ሁሉም የፈረሰበት ስለሚመስለው፣ ወይ ማስረጃውን ይክዳል ወይ ወገኑን ለውጦ ተቃራኒውን በጅምላ ይይዛል። ክፍሎቹን ለይቶ የያዘ ሰው ግን የተሳሳተውን አርሞ የቀረውን ይዞ ይቀጥላል። ሰው በዜና ላይ አስተያየት ለመያዝ የሚበቃው ሊጣራ የሚችለውን ሲያጣራ፣ የሚገምተውን መጠኑን ጠብቆ ሲገምትና የሚፈርደውን በሚነካው ሰው ቦታ ሆኖ ሲፈርድ ነው። የሚጠየቀውም ስለ እነዚሁ ሦስቱ ነው፤ በመጨረሻ ትክክል ሆኖ መገኘቱ ከክሊፈርድ መርከብ በሰላም መድረስ የበለጠ ዋስትና አይሆነውም።